የራሱ ክብደት

ወንድሜ ማቲዎስ በሞተ በአራተኛው ቀን እኔ ከእናቴ የስፌት መኪና ሥር ተቀምጬ ፕላኔት እሠራ ነበር።

መሞቱን አላውቅም። እናቴም አታውቅም። ወሰን በሚባለው፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን ውስጥ ነገሩን ያልሰማነው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አሁን ሃያ አንድ ሞልቶኛል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ መገናኛ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ማሽኑ ወረቀት እስኪተፋ በመስኮቱ ወደ እንጦጦ ሳይ አለቃዬ «ነአምን፣ ተመለስ» ይለኛል። እዚያ ተራራ ላይ ምን እንደማይ ግን ጠይቆኝ አያውቅም።

ማቲዎስ ደቡብ አፍሪካ ነበር። ጆሃንስበርግ አጠገብ ከዲላ ልጆች ጋር ሱቅ ከፍቶ፣ በየእሁዱ በስልክ እየታየን «ነአሚ፣ አድገህ ጠበቅከኝ ወይስ እንደ ድሮው ነህ?» ይለኝ ነበር። ቅዳሜ ማታ ዕቃ ጭኖ ሲመለስ መኪናው ተገለበጠ። እሁድ ጠዋት የተደወለው ለአጎቴ ለኢቲቻ ነው። ወደ እኛ ቤት አልተደወለም። የማቲዎስ የእሁድ ጥሪ ሲቀር እናቴ የኔትወርክ ችግር መሰላት። እኛ ዘንድ የልጅ ሞት ለእናት በስልክ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ይመካከራል፣ ቀን ይቆርጣል፣ ንጋት ላይ ተሰብስቦ ሄዶ መርዶውን ይነግራል። እስከዚያ ድረስ ይደበቃል። እናቴ አገርነሽ ደግሞ የደም ግፊት አለባት፤ አባቴም ገና በሕፃንነቴ ነው የሞተው። ስለዚህ አስከሬኑ ቅዳሜ ሊገባ፣ መርዶው አርብ ንጋት ሊነገር ተቆረጠ። እስከ አርብ እናቴ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ ሰፈሩ ሁሉ ጠባቂ ሆነ።

ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ሳምንት የማውቀው ፕላኔቶችን ብቻ ነበር።

ሰኞ ዕለት የሳይንስ መምህራችን ቲቸር ሠረቀብርሃን ጠረጴዛው ላይ አንድ ድንጋይና አንድ ብርቱካን አስቀመጠ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ በእግሩ ነው የሚወርደው፤ ጫማው ሥር ሁልጊዜ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተለጥፎ ይመጣል።

«ሊበሉ ነው ቲቸር?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ድንጋዩን ላንተ እተውልሃለሁ» አለው። ተሳቀ። «እስቲ ንገሩኝ። ምድር፣ ጨረቃ፣ ፀሐይ፣ ሁሉም ድቡልቡል ናቸው። ለምን አንዳቸው እንኳ እንደ ሣጥን አልሆኑም?»

«ፈጣሪ እንደዚያ ስለወደደ» አለች ኢልሃም። የጋሽ ከድር ባለ ሱቁ ልጅ ናት፤ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው።

«ጎበዝ። ወዶስ በምን አደረገው?»

ድንጋዩን አንሥቶ ራሱ መለሰልን።

«በስበት። እያንዳንዷ ቅንጣት ሌላዋን ወደ ራሷ ትስባለች። አንዲት ጠጠር ብቻዋን አቅም የላትም። ይህ ድንጋይ እንደተሰበረ የቀረው የራሱ ስበት ጥንካሬውን ስለማያሸንፈው ነው። አካሉ እየተለቀ ሲሄድ ግን፣ ከዚህ ድሬዳዋ የሚደርስ ስፋት ሲኖረው በሉት፣ የራሱ ክብደት ይበረታበታል። ከላይም፣ ከታችም፣ ከጎንም ወደ መሐል ይጎተታል። ከፍ ያለው ይሰምጣል፤ ጎድጓዳው ይሞላል። ጥግ የሚባል አይተርፈውም።»

«ቲቸር፣ ታዲያ እንጦጦ ለምን አልሰመጠም?» አልኩ። ራሴን ሰማሁት፤ ክፍል ውስጥ ጥያቄ የምጠይቅ ልጅ አልነበርኩም።

ወደ መስኮቱ ዞረ። ተራራው ደመና ለብሷል፤ ከአናቱ ላይ ያሉት ነጫጭ የከዋክብት ማያ ጉልላቶች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። «ምድር ይህችን ብርቱካን ብታክል» አለ፣ «እንጦጦ ቆዳዋ ላይ ያለች አንዲት ብጉር አያክልም። ምድር እሱን ትችለዋለች። ከልክ በላይ ቢያድግ ግን የቆመበት አለት አይሸከመውም። ማርስ ላይ ከኛ ትልቁ ተራራ ከሁለት እጥፍ በላይ የሚረዝም አለ፤ እዚያ ስበቱ ደካማ ስለሆነ ነው። የማርስ ሁለቱ ጨረቃዎች ደግሞ በጣም ትንንሽ ናቸው፤ ድንች ነው የሚመስሉት።»

እስከ ሐሙስ ሁለት ነገር ሠርተን እንድናመጣ አዘዘን፤ አንድ ድቡልቡል ትልቅ አካል፣ አንድ ድንች የመሰለ ትንሽ። ለምን እንደዚያ እንደሆኑም ቆመን እናስረዳለን።

ስንወጣ ኢልሃም ባለ አሥራ ሁለት ቀለም ማርከሯን አውጥታ ሰጠችኝ። ለሥራው ይሁንህ አለችኝ። ይህች ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ «ፈዛዛው» ብላ ነው የጠራችኝ፤ እርሳስ ስዋሳት እንኳ «ጥርስህን እንዳታሳርፍበት» ነው የምትለው።

«ምን ፈልገሽ ነው?» አልኳት።

«ምንም። ያዘው በቃ።» ዓይኔን አላየችም።

የዚያኑ ዕለት እናቴ ክር ግዛ ብላ ጋሽ ከድር ሱቅ ላከችኝ። መጋረጃውን ገልጬ ስገባ አጎቴ ኢቲቻ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጧል፤ ሁለት የእድር ሰዎች ቆመዋል። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል።

«ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኤርፖርት መገኘት አለብን» አለ አጎቴ። «ሁለት ሚኒባስ ይበቃን ይሆን?»

«ሦስት አድርገው» አለ ጋሽ ከድር። «ከሰፈሩ ማን ይቀራል? ድንኳኑን ልጆቹ አርብ ይተክሉታል። ከንጋቱ በኋላ ግን።»

«ከዚያ በፊት ጆሮዋ እንዳይገባ ብቻ። ልቧን ታውቃለህ።»

ከዚያ አዩኝ። አንደኛው የእድር ሰው ሳል ጀመረ። የጋሽ ከድር ዓይን ቀልቶ ነበር። «ይሄ ጉንፋን ገደለኝ» አለና አፍንጫውን አበሰ። ክሩን ሰጠኝ፤ ብሩን መለሰልኝ፤ ሁለት ብስኩት ጨመረልኝ። «ንሳ ነአሚ፣ ሂድ ለእናትህ አድርስ።»

ቁልቁለቱን በሩጫ ወረድኩት። ኤርፖርት፣ ሦስት ሚኒባስ፣ ድንኳን፣ እናቴ እንዳትሰማ። ይህ ሁሉ ለማን ይሆናል? ማቲዎስ ሊመጣ ነዋ! ሳይታሰብ ሊገባባት ነው። ስለ ልቧ ያሉትንም ተረዳሁት መሰለኝ፤ ደስታም ሲበዛ ልብ ያቆማል ሲባል ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ ይህንኑ አረጋገጠልኝ። አጎቴ መጥቶ የእናቴን ስልክ ወሰደ፤ «ባትሪው አብጧል፣ ይፈነዳብሻል፣ አሠርቼ አመጣልሻለሁ» አላት። ጎረቤት ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ እየተፈራረቁ ገቡ። አንዷ ቁልፍ ልታስተክል፣ አንዷ ቀሚስ ልታሳጥር፣ አንዷ ምንም ያልሆነ የልጅ ሱሪ ይዛ።

«ይሄ ሰፈር ምን ነካው?» ትላለች እናቴ እየሳቀች። «ልብሳችሁን አይጥ በላው እንዴ?»

«አንቺ ስላለሽ ነዋ አገርነሽ» ይሏታል። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው በዙሪያዋ ይቀመጣሉ። የሚያወሩት ነገር ቶሎ ያልቅባቸዋል።

እኔ ከመኪናው ሥር ሆኜ አያቸዋለሁ። ከላይ ሰፈር፣ ከታች ሰፈር፣ ከመንገድ ማዶ እየመጡ አንዲት ሴት ዙሪያ ይከማቻሉ። ቲቸር ሠረቀብርሃን ያለው በቤታችን ሲፈጸም አየሁ፤ መሐል ላይ ከባድ ነገር ካለ ሁሉም ወደ እሱ ይሳባል። ያ ከባድ ነገር ደስታ ነው ብዬ ነበር።

ፕላኔቴን የምሠራው ከእናቴ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ስለምትሰፋ ሰማያዊና ቡናማ ቁራጭ ሞልቷል። እንደ ጨርቅ ኳስ እጠቀልለዋለሁ፣ በላዩ ክር አዞርበታለሁ። ትንሹ ወዲያው አለቀልኝ፤ ድንችም መሰለ። ትልቁ ግን እምቢ አለኝ። በአንድ በኩል ስጠብቀው በሌላ በኩል ጥግ ያወጣል።

ማክሰኞ ለኢልሃም ነገርኳት። «ማቲዎስ ሊመጣ ነው አይደል? አውቄያለሁ፤ አትደብቂኝ።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። አባቷ አፍሽን ዝጊ ብሎ አስምሏት ነበር፤ በዚያ ዕድሜዋ ሌላ ምን ልታደርግ ትችላለች? ዛሬ ሁለት ልጆች አሏት። አሁንም መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለዚያች ንቅነቃ ይቅርታ የምትጠይቀኝ ይመስለኛል፤ ቶሎ ብላ ስለ ልጆቿ ታወራለች።

ረቡዕ ከሰዓት ዝናብ መጣና ሴቶቹ ያሰጡትን ልብስ ሊያስገቡ ወጡ። እናቴ ብቻዋን ቀረች። ምስጢሩ ሆዴ ውስጥ እየዘለለ ሦስት ቀን ታግሻለሁ።

«እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ? ግን እንዳልነገርኩሽ ሁኚ።»

«ምን ሰበርክ?»

«ምንም አልሰበርኩም። ማቲ ቅዳሜ ይመጣል።»

መኪናዋን አላቆመችም። እየሰፋች «ማን አለህ?» አለችኝ።

«ሰምቻቸዋለሁ። ጋሽ ከድር ሱቅ። አጎቴና የእድር ሰዎች ነበሩ። ቅዳሜ ረፋድ ኤርፖርት እንሄዳለን አሉ። ሊያስደንቁሽ ነው!»

መኪናዋ ቆመች። «የእድር ሰዎች?»

«አዎ። ሦስት ሚኒባስ ይከራያሉ። አርብ ከንጋት በኋላ ድንኳን ይተክላሉ።»

«ድንኳን።»

«ለድግሱ ነዋ እማ!»

እናቴ እጇን ጨርቁ ላይ እንዳደረገች ቀረች። መርፌዋ ጨርቁን እንደወጋች ቆማለች። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። «ከድር ምን ይመስል ነበር?» አለችኝ።

«ጉንፋን ይዞታል። ዓይኑ ቀልቷል።»

«እሺ» አለች። ደግማ «እሺ» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ ላይ ምን እንደነበረ ለማስታወስ አሥር ዓመት ሞክሬያለሁ። የማስታውሰው ፈገግ ማለቷን ነው። «ለማንም እንዳትናገር። እኔም አላውቅም፣ እሺ? እንዳናበላሽባቸው።»

«እሺ!» አልኩ። እኔና እናቴ ምስጢር ያዝን። እንደዚያ ቀን ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም።

እሷ ተነሥታ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ጥቅል ጥቁር ጨርቅ አወረደች። ለጥበቃዎች ሱሪ የምትሰፋበት ወፍራም ጨርቅ ነው። ወለሉ ላይ ዘረጋችው፤ ሳትለካ መቁረጥ ጀመረች። እናቴ ሳትለካ ስትቆርጥ አይቼ አላውቅም ነበር።

«የማነው?»

«የደንበኛ።»

«ቀሚስ ነው?»

«ቀሚስ ነው።» መቀሱን አስቀመጠች። «የአንተ ነገርስ የት ደረሰ?»

ትልቁን ኳስ አሳየኋት። «እምቢ አለኝ። ገና ትንሽ ስለሆነ ነው መሰለኝ። ትልቅ ሲሆን ነው ጥጉ የሚጠፋው።»

የቆረጠችውን ጥቁር ቁርጥራጭ ሁሉ ሰብስባ ጭኗ ላይ አደረገች። ኳሱን ከእጄ ወሰደች። አንዱን ቁራጭ ታለብሳለች፣ ክሩን ታዞራለች፣ በጥርሷ ይዛ ትስባለች፤ ሌላውን ታለብሳለች፣ ታዞራለች፣ ትስባለች። ክሩ ጣቷ ላይ ነጭ መስመር ሲያወጣ አያለሁ።

«ይህን ሁሉ ወደ መሐል የሚጎትተው ምንድነው አልከኝ?»

«ክብደቱ ነው እማ። የራሱ ክብደት።»

«የራሱ ክብደት» አለች። «ከሁሉም በኩል?»

«ከሁሉም በኩል።»

«ታዲያ አይፈርስም?»

«አይፈርስም። ክብ ይሆናል እንጂ።»

 ክሩን አዞረች፣ ሳበች። ኳሱ አንድም ጥግ የሌለው፣ ከባድ፣ ጥቁር ሆኖ ሲያልቅ ሁለት እጇ ውስጥ አድርጋ ቁጭ ብላ አየችው። ሴቶቹ ከዝናቡ ሲመለሱ «ኑ ግቡ፣ የልጄን ዓለም እዩልኝ!» ብላ በሣቅ ተቀበለቻቸው። የዚያን ሣቅ ዋጋ ያወቅኩት አሥራ ስምንት ዓመቴ አካባቢ ነው። አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ ቀኖቹን በጣቴ ስቆጥር፣ ጥቁሩ ጨርቅ የተቆረጠው ረቡዕ፣ መርዶው የተነገረው አርብ መሆኑ ገባኝ። በመካከሉ አንድ ሙሉ ሐሙስ አለ። ያን ሐሙስ እናቴ ራት አበላችኝ፣ ፀጉሬን አጠበችኝ፣ ቅዳሜ የምለብሰውን ሸሚዝ እኔ ነኝ የምመርጠው ስላት «ማቲ ሰማያዊ ይወዳል» አለችኝ።

በዚያው ሐሙስ ክፍል ውስጥ ቲቸር ሠረቀብርሃን ኳሴን እያገላበጠ «ማን አጠበቀው?» አለኝ። እናቴ አልኩት። «እንዲህ ነው» ብሎ ለክፍሉ ከፍ አድርጎ አሳየ። «ምንም ቢያርፍበት አይጎረብጥም።»

አርብ ጎሕ ሳይቀድ በራችን ተንኳኳ። እናቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣለች፤ መቼ እንደተነሣች አላየሁም። አጎቴ ኢቲቻ ገባ፤ ጋሽ ከድር፣ የእድር ሰዎች፣ ሴቶቹ ተከተሉት። ጠባቧ ክፍል ጢም ብላ ሞላች። ማንም «እንደምን አደራችሁ» አላለም። ማቲዎስ አንድ ቀን ቀድሞ ገባ ይሆን ብዬ ከሰዎቹ ጀርባ በኩል ፈለግኩት።

አጎቴ ፊቷ ተንበረከከ። ትልቅ ሰው ሲንበረከክ አይቼ አላውቅም።

«አገርነሽ፣ እህቴ። ማቲዎስ አርፏል። ሰባት ቀኑ ነው።»

ክፍሉ በሙሉ እጁን ወደ እሷ ዘረጋ፤ ስትወድቅ ሊይዛት። አልወደቀችም። አልጮኸችም። አጎቴን እያየች ተቀመጠች። ጋቢው ከትከሻዋ ተንሸራተተ። ከሥሩ ያለው ቀሚስ ጥቁር ነበር።

አጎቴ ቀሚሱን አየ። ተነሣ። «ማነው የነገራት?» አለ።  «ይህን ሁሉ ሰው እያስጠበቅን ብቻዋን ሆና ነው የሰማችው! ማነው የነገራት?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ «በልጆቼ እምላለሁ» አለች። ጋሽ ከድር አንገቱን ደፋ። እኔ ግን «አርፏል» የሚለው ገና አሁን እየገባኝ ነበር፤ የገባኝም እናቴን ያታለልኳት ሆኖ ነው።

«እኔ ይመጣል ብያታለሁ!» ብዬ ጮህኩ። «ቅዳሜ ይመጣል ብያታለሁ እኮ! ኤርፖርት አላችሁ! ድንኳን አላችሁ!»

 አጎቴ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። በሰዎቹ ፊት ላይ አንድ በአንድ ሲገባቸው አየሁ፤ የገባቸው ነገር ግን እኔን አልገባኝም። «አንተ ነህ?» አለኝ አጎቴ። «ድንኳኑን ሁሉ ነገርካት?»

«ተወው።»

እናቴ ናት። ቆማለች። በመካከላችን ገብታ ጀርባዋን ለእኔ ሰጠች።

«ልጄ ምንም አልነገረኝም። አሁን ነው የሰማሁት። አሁን፣ ከአንተ አፍ።»

«አገርነሽ፣ ልብስሽ...»

«ልብሱ የደንበኛ ነው። ልኩን ልየው ብዬ ነው የለበስኩት። ዛሬ ትወስደዋለች።» ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው። «አሁን ነው የሰማሁት። ሰምታችኋል?»

«በንጋት ጨለማ የደንበኛ ልብስ የሚለካ ማነው?» ያለ ሰው አልነበረም። ጋሽ ከድር «ሰምተናል» አለ። አንዲት ሴት «አሁን ነው፤ አሁን ነው የሰማችው» አለች እያለቀሰች። አጎቴ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ከዚያ እናቴ ጮኸች። ሁለት ቀን ሙሉ የያዘችውን እንደለቀቀች አላውቅም ነበር፤ ያን ሰዓት የሰማችው ነው የመሰለኝ። አመንኳት። ስትወድቅ እኔንም ይዛኝ ወደቀች፤ ሴቶቹም ላያችን ላይ ወደቁ።

እሷ እስከ ዛሬ እንዳመንኳት ነው የምታውቀው። ስለዚያ ሳምንት ሲነሣ ለዘመድም፣ ለእንግዳም፣ ለእኔም «አርብ ዕለት ነው የሰማሁት፤ ወንድሜ ኢቲቻ ነው የነገረኝ» ትላለች። ስትናገር ከዓይኗ ጥግ ታየኛለች።

«አዎ» እላለሁ እኔም። «አርብ ነው።»